የያዕቆብ ማሽን ጳጉሜን አያውቅም

ባለፈው ሰኞ ሆሳዕና መናኸሪያ በር አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጠፍቶ የቆየው መብራት መጣ። ጎን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ራሱ ተነሳ። መጀመሪያ ማራገቢያው ጮኸ፤ ቀጥሎ ዲስኩ ጠረር ጠረር አለ፤ ከዚያ የጋለ አቧራ ሽታ መጣ። ሽታው የተለበለበ ወረቀት ይመስላል፤ ትንሽ የመጣፈጥ ነገርም አለው። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ስልኩን ለመሰካት ሲሻማ እኔ ወደ በሩ ዞርኩ። ጋሼ የሚገባ መስሎኝ ነው። እንደማይገባ አውቃለሁ። ግን ያ ሽታ ሲመጣ አንገቴ ራሱ ነው የሚዞረው።

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ያዕቆብን ነው። የምንበላለጠው በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ከግቢያችን ወደ መንገድ የምትከፈት አንዲት ክፍል አለች፤ እሷ ነበረች የጋሼ ኮምፒውተር ቤት። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ኢንተርኔት በደቂቃ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ፎቶ ኮፒ አንድ ብር፣ አንድ ፍላሽ ሙሉ መዝሙር ማስጫን አሥር ብር። አሥር ብር ያኔ ትልቅ ነበር፤ ሻይ ከነሳምቡሳው ጠጥተህ መልስ ትቀበልበታለህ። ዛሬ በአሥር ብር ምን እንደሚገዛ እኔም አላውቅም። ጋሼ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፤ ዚፑ ስለተበላሸ በመርፌ ቁልፍ ነው የሚይዘው። የዘመኑ ወጣቶች ኪሱ ብዙ የሆነ ሱሪ ለብሰው በራችን ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። መዝሙር ለማስጫን ነው የመጡት፤ ግን ልጃገረዶቹም መዝሙር ለማስጫን ስለሚመጡ ቶሎ አይሄዱም። አንድ የመዘምራን መዝሙር ነበር፤ መግቢያው ላይ ኪቦርዱ ለብቻው ረጅም ጊዜ የሚጫወትበት። ጋሼ ያንን መግቢያ ብቻ ደጋግሞ ያሰማ ነበር። "ግጥሙ ሲጀምር ሰው ያወራል፤ እዚህ ጋ ግን ሁሉም ዝም ይላል" ይለኛል። ከውጭ ረዳቶቹ "ወልቂጤ! ወልቂጤ! ሾኔ የሞላ!" እያሉ ይጮሃሉ። አሁን መዝሙሩም ፎቶውም ሁሉም ስልክ ውስጥ ገባ። ረዳቶቹ ብቻ ናቸው ያልተለወጡት።

የኢንተርኔቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጋሼ ሌላ ሥራ አገኘ። በሆመቾ፣ በሾኔና በአንጋጫ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሆነ ቦታ በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ። የሚሠሩ ናቸው፤ ግን ዋይፋይ የላቸውም። እንደ ፍላሽ የምትሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ከገበያ ይገዛላቸዋል። መቀበያዋ አዲስ ናት፤ ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ አይተዋወቁም። የሚያስተዋውቃቸው ድራይቨር የሚባል ኮድ ነው። ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም ደግሞ ኮምፓይለር ይባላል። ጋሼ ለእማዬ ሲያስረዳት ሰምቻለሁ። እማዬ ሐኪም ቤት ስትሄድ የምትናገረውን ሀዲይኛ ለሐኪሙ በአማርኛ የሚነግርላት ሰው አለ አይደል? ኮምፓይለር እሱ ነው አላት። የእነዚያ ማሽኖች ኮምፓይለር ግን ያረጀ አስተርጓሚ ነው፤ አዲሱን አነጋገር አያውቅም።

"አስተርጓሚውን ለምን አትለውጠውም?" አለችው እማዬ።

"አዲሱ አስተርጓሚ አዲስ ሲስተም ይፈልጋል። አዲሱን ሲስተም ብጭንባቸው ጠዋት ተከፍተው ለምሳ ነው የሚነሱት። አሮጌውን ማስቸገር ይቅር፤ አዲሱ ጎንበስ ይበል።"

ሥራው ይኼው ነበር፤ አዲሱን ኮድ ለአሮጌው ኮምፓይለር ማስጎንበስ። እኔንም አጠገቡ አስቀምጦ አሳየኝ። አዲሶቹ ኮድ ጸሐፊዎች ሥራው መሃል ላይ ሲደርሱ ነው ለሚጠቀሙበት ቁጥር ሁሉ አዲስ ስም የሚያመጡት። አሮጌው ኮምፓይለር ይኼን አይቀበልም። የሚመጣው ስም ሁሉ ሥራው ሳይጀመር ከላይ መጠራት አለበት። ጋሼ ስሞቹን አንድ በአንድ ከመሃል እያነሳ ወደ ላይ ይወስዳቸዋል። ገጠር አያታችን ዘንድ ስንሄድ በር ላይ ቆመን የማን ልጆች እንደሆንን ሳንናገር አንገባም ነበር። "ይኼም እንደዚያው ነው" አለኝ። "ሽማግሌ ቤት ውስጥ ድንገት መሃል ላይ ብቅ አይባልም።" ሰው ገንዘቡን ይዞ አዲስ ስልክ ለመግዛት በሚጋፋበት ዘመን ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ስም ከታች ወደ ላይ ሲያወጣ ይውላል።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረው። ትምህርት ቤቶቹ ኮምፒውተሩ የሚያትመው ወረቀት ላይ የፈረንጅ ቀን ማየት አልፈለጉም። እነዚያ ማሽኖች ደግሞ የእኛን አቆጣጠር አያውቁም። ስለዚህ ጋሼ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ጎትቶ የእኛን ዓመት፣ የእኛን ወርና ቀን ሞላባቸው። እቤት ባለችው ማሽኑም ላይ እንደዚሁ አደረገ፤ የሁሉንም ሥራ መጀመሪያ የሚሞክረው በእሷ ላይ ነውና። ወሮቹ ስለማይገጥሙ በየወሩ መግቢያ የሚያስተካክል ትእዛዝ ጻፈ። ጳጉሜ ላይ ግን መላ አጣ። ለማሽኗ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ብትነግራት ስህተት ነው ትልሃለች። የትምህርት ቤቶቹ ማሽኖች ክረምት ዝግ ስለሆኑ አልተቸገሩም። የእኛዋን ግን ነሐሴ ሲያልቅ ያጠፋታል፤ እንቁጣጣሽ ዕለት ያስነሳታል። "እረፍቷ ነው" ይላል። ስለዚህ ለእሷ ጳጉሜ የሚባል ቀን ኖሮ አያውቅም።

ጋሼ የሞተው ጳጉሜ ውስጥ ነው። ከሾኔ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ኮዱን የሚጽፍበት ላፕቶፑም አብሮት ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እንቁጣጣሽ ዕለት ለቅሶ ቤቱ በሰው እንደተሞላ ወደ ክፍሏ ገባሁና ማሽኗን አስነሳሁ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ሁልጊዜ በዚያ ቀን ስለምትነሳ ይሆናል። ቀኑን መስከረም አንድ ብዬ ሞላሁላት። ለእሷ ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ሆነ። መሃሉ ላይ ምንም አልተፈጠረም።

ከመቀጠሌ በፊት ልነግራችሁ የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። ማሽኗ መብራት ሲመጣ ራሷ ትነሳለች። እንደተነሳች የድራይቨሩን ኮድ ታያለች። ከመጨረሻው ጊዜ ወዲህ ያዕቆብ የነካው ፋይል ካለ ሁሉንም እንደገና ትገነባለች፣ ማለትም በኮምፓይለሩ እንደ አዲስ ታስተረጉማለች፤ ዲስኳ የሚያጉረመርመው ያኔ ነው። ካልነካ ዝም ትላለች። ግንባታው ሲያልቅ ዋይፋዩ ይነሳና በአካባቢው ያለ ሰው ስልክ ላይ የኔትወርኩ ስም ይወጣል። ስሙ "ያዕቆብ" ነው።

የለቅሶው ሰው እስኪበተን የማሽኗን ድምፅ ልብ ያለ አልነበረም። መስከረም አጋማሽ ላይ ያሆዴ ደረሰ። በእኛ በሀዲያ የዘመን መለወጫ በዓል፣ በያሆዴ፣ የወጣ ልጅ ሁሉ ቤቱ ይገባል፤ አዲስ አበባ ያለው፣ አዋሳ ያለው፣ ሩቅ ያለው ሁሉ። መናኸሪያው በዚያ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሲያራግፍ ይውላል። በዋዜማው መብራት አልነበረም። እማዬ በዚያ ዓመት የበዓሉን ምግብ አታካናን ላለመሥራት ወስና ነበር፤ ግን የአክስቶቼ ልጆች ሲመጡ ምን ታድርግ፤ ቡላውን በቅቤ እያሸች ነበር። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነበር። ቀትር ላይ መብራት መጣ። ከተዘጋችው ክፍል ማራገቢያው ጮኸ። ከዚያ ዲስኩ ጀመረ። ጠረር። ጠረር ጠረር። ጋሼ ሲሠራ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነው፤ ሥራ የያዘ ሰው ድምፅ። በሩ ከውጭ በቁልፍ ተቆልፏል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጎረቤታችን ባለሱቁ ሸምሱ ከመስኮቱ ራሱን አወጣ።

"አንተ ታሪኩ! ማነው ውስጥ ያለው?"

"ማንም የለም።"

"ማንም የለም? ታዲያ ማንም ነው እንዲህ የሚያንጓጓው?"

"ኮምፒውተሩ ነው፤ መብራት ሲመጣ ይነሳል።"

ሸምሱ ጆሮውን ሰጥቶ ቆየ። ከዚያ ስልኩን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ወደ እኔ አዞረልኝ። "ያዕቆብ" ይላል። "መጣ" አለኝ ቀስ ብሎ። ሊያስቀኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ "የዋይፋዩን ፓስወርድ ሳይነግረኝ ነው የሄደው፤ አሁን ጠይቅልኝ" አለ። ወዲያው ራሱ ደነገጠ። "አስተግፊሩላህ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አፌ ነው" ብሎ ስኳር ሊመዝን ገባ።

ዞር ስል እማዬ ቆማለች። እጇ ላይ ቅቤ አለ።  ድምፁ እስኪያልቅ አዳመጠች። ከዚያ በርጩማ አምጥታ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደዚያው ሆነ። በሆሳዕና መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለምታውቁ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነግራችሁም። እማዬ ድምፁን ስትሰማ የያዘችውን ትታ ትመጣለች፤ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ደግሞ ከእሷ ጎን ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ። አናወራም። እኔን የሚያስፈራኝ ጫጫታው አልነበረም። ማሽኗ የምትሠራበትን ምክንያት ስለማውቅ ነው የምፈራው። ያዕቆብ ካልነካው አትገነባም። በየቀኑ ትገነባለች።

አንድ ቀን ራሴን አደፋፍሬ ገባሁ። የጋለው አቧራ ሽታ ተቀበለኝ፤ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ከታች ወደ ላይ እየተጎተተ ያልፋል። ከጋሼ ፋይሎች በእያንዳንዱ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። እንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ ይህ ፋይል የተነካው ገና ወደፊት ነው። ወደፊት፣ ከአሁን በኋላ። ስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ማሽኗ በሰከንድ ነው የጻፈችው፤ ቁጥሩ በጣም ረጅም ስለሆነ ላነበው አልቻልኩም። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ሰዓቱ ተዛብቷል፤ ሥራህ ያልተጠናቀቀ ሊሆን ይችላል ትላለች። ጃኬቱን አየሁ። እንዳልነካው ተጠንቅቄ ወጣሁ፤ በሩንም እንደገና ቆለፍኩ። ማን እንዳይወጣ እንደቆለፍኩ አልገባኝም።

በዚህ መሃል መምህር ዘለቀ ከሆመቾ መጡ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው። ለቅሶ ደርሰው ነበር፤ አሁን የመጡት ለሌላ ነው፤ እያፈሩ ነው የተናገሩት። በፌስታል አዲስ መቀበያዎች ይዘዋል። አሮጌዎቹ ክረምት ላይ መብረቅ በጣለ ቀን ተቃጥለዋል፤ ተማሪዎቹ የፈተና መለማመጃውን በኢንተርኔት ነው የሚያገኙት።

"ኢንጂነር ከበዓል በኋላ እጨርስልዎታለሁ ብሎኝ ነበር" አሉኝ። ጋሼን ኢንጂነር ነበር የሚሉት።

"መምህር፣ እኔ እኮ ኢንጂነር አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነኝ።"

"የኢንጂነር ወንድም ነህ።"

"እሱ በደም አይተላለፍም።"

"አጠገቡ ስትቀመጥ ዓይኔ አይቷል" አሉ። "ባይሆን ሞክረህ አልሆነም በለኝ። ሳትሞክር ግን አትበለኝ።"

ሞከርኩ። ጋሼ ሥራውን ሊጨርስ ትንሽ ነበር የቀረው። አዲሶቹን መቀበያዎች የሚያስተዋውቀው አንድ ፋይል ብቻ ሳይጎነብስ ለብቻው ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬ ጃኬቱን እንዳይነካ ወደ ፊት ብዬ። ኮምፓይለሩ አልቀበልም ያለበትን መስመር እያየሁ ስሞቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ አወጣሁ። አንዱን ሳወጣ ሌላው ይጮሃል። አንዳንዴ የት እንደማደርገው ሲጠፋኝ፣ ጋሼ ሌሎቹ ፋይሎች ውስጥ የት እንዳደረገው አያለሁ፤ እዚያው አደርጋለሁ። ቆይቶ ሳያስፈልገኝም ማየት ጀመርኩ። እጁን አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ ከስሞቹ በታች አንድ ባዶ መስመር ይተዋል። ገብተው ትንሽ እንዲያርፉ ይመስል። እኔም ተውኩ። በመጨረሻ ኮምፓይለሩ ዝም አለ። ሳላውቀው ጀርባዬ ጃኬቱ ላይ ተደግፎ ነበር።

የሆመቾ ፋይሎች ያሉበትን ማኅደር እንዳለ ጠቅልዬ ፍላሽ ላይ ጫንኩና ሆመቾ ሄድኩ። የገበያ ቀን ስለነበር መኪናው ውስጥ ከዶሮና ከድንች ከረጢት ጋር ነው የተጓዝኩት። እዚያ ያለችውን ዋናዋን ማሽን በጋሼ አሠራር አዘጋጀኋት፤ ራሷ ተነስታ፣ ራሷ እንድታይ፣ ራሷ እንድትገነባ። ስትገነባ ያው ማስጠንቀቂያ በስክሪኑ ላይ አለፈ። ገና ወደፊት ነው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። መቀበያዋ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። መምህር ዘለቀ ትከሻዬን መትተው "ኢንጂነር!" አሉኝ። ዞሬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ።

ወደ ቤት ስመለስ የእኛዋ ማሽን ታማ ጠበቀችኝ። የዲስኳ ድምፅ ተለውጧል። ከጠረርታው መሃል ጠቅ የሚል ነገር ገብቶበታል፤ ጠቅ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ጠቅ። ዲስክ ሊሞት ሲል እንዲህ እንደሚል ጋሼ ነግሮኝ ነበር። ላፕቶፑ ከእሱ ጋር ጠፍቷል። የሾኔና የአንጋጫ ኮድ፣ የዚያ ሁሉ ዓመት ሥራው፣ ያለው እዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ልገለብጠው ሞከርኩ። ግን መብራት እየሄደ ይመጣል፤ ማሽኗ እንደተነሳች መገንባት ትጀምራለች፤ ግንባታውና ግልበጣው ሲገናኙ ዲስኩ ይታነቅና ሁለቱንም ይተዋቸዋል። መገንባቷን እስካላቆመች ድረስ የወንድሜ ሥራ በገዛ ሥራው እየተፈጨ ነው።

ያኔ ነው እየፈራሁ የፋይሎቹን ዝርዝር የከፈትኩት። ከመጀመሪያው ብከፍተው ኖሮ በደቂቃ ይገባኝ ነበር። የጋሼ ፋይሎች ሁሉ የፈረንጅ ቀን ይዘዋል። ከላፕቶፑ ነው የመጡት፤ ላፕቶፑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሁልጊዜ ከላፕቶፑ ፋይል ሲያመጣ ቀኑን ወደ እኛ ይቀይርለት ነበር፤ አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት። በዚያ በመጨረሻው ቀን ግን አልቀየረም። ነሐሴ አልቆ ማሽኗ ልታርፍ ነበር፤ ሾኔ ሊሄድ ቸኩሎ ነበር፤ ከበዓል በኋላ ብሎ ይሆናል። ስለዚህ በማሽኗ አቆጣጠር ያዕቆብ እነዚያን ፋይሎች የነካቸው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ወደፊት ነው። የቱንም ያህል ጊዜ ብትገነባ የእሱ ፋይል ሁልጊዜ ከእሷ ሥራ አዲስ ነው። ስለዚህ በተነሳች ቁጥር ያዕቆብ አሁን ነክቶታል ብላ ታምናለች።

ምክንያቱን ሳውቅ ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም። ማሽኗ የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጳጉሜ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ለእሷ እውነት ነው፤ ያዕቆብ አለ፤ ይሠራል፤ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።

ቀኑን የምትቀይረዋን ትእዛዝ ጻፍኩ። ማስፈጸሚያውን ቁልፍ ግን አልተጫንኩትም። እማዬ ውጭ በርጩማዋ ላይ ነበረች። እንዴት አድርጌ ዝም አሰኘዋለሁ? አጠፋሁና ወጣሁ። ዲስኩ በየቀኑ እየባሰበት ሄደ፤ እኔም በየቀኑ ነገ እላለሁ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ መብራት ጠፍቶ ሁለታችን በሩ ፊት ተቀምጠን ስንጠብቅ እማዬ በሀዲይኛ እንዲህ አለችኝ።

"ታሪኩ፣ ይኼን ነገር እስከ መቼ ነው የምታስጮኸው?"

"እኔ?" አልኳት። "አንቺ እኮ ነሽ በርጩማ አውጥተሽ የምትሰሚው። ላንቺ ብዬ ነው የተውኩት።"

"ለእኔ?" ሳቅ እንደማለት አለች። "እኔ በሩን አይደለም የማየው። ዞረህ አይተህ ታውቃለህ? አንተን ነው የማየው። ድምፁ ሲጀምር ፊትህ እንዴት እንደሚሆን አታውቅም። ብቻህን አልተውህም ብዬ ነው የምመጣው።"

ዓይኔን ወደ ተቆለፈው በር መለስኩ።

"ልጄ የት እንዳለ አውቃለሁ" አለች። "ጌታ ጋ ነው። እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ምን ያደርጋል? አቧራ እንኳ አይወድም ነበር።"

"ካስተካከልኩት ድምፁ ይቀራል፣ እማዬ። ተመልሶ አይመጣም።"

"እሱ ዐርፏል። እቃውም ይረፍ። አንተም ወደ ቤት ግባና እራት ብላ።"

መብራት መጣ። ማሽኗ ተነሳች። ጠረር፣ ጠቅ፣ ጠረር። እማዬ ተነስታ በርጩማዋን አንስታ ሄደች። እኔ በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ ግንባታው እስኪያልቅ እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ትእዛዟን ጻፍኩ፤ የጋሼን ፋይሎች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የዕለቱን ቀን አስያዝኳቸው። እንደገና እንድትገነባ ነገርኳት፤ ለመጨረሻ ጊዜ አጉረመረመች፤ ምንም ማስጠንቀቂያ አልመጣም። አንዴ ደግሞ ጠየቅኳት። አንድ መስመር ብቻ መለሰች። የሚሠራ ነገር የለም።

በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ማራገቢያው ጮኸ። ከዚያ ምንም። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ከጫጫታው ይልቅ ያኔ ነው ፀጉሬ የቆመው። ሸምሱ ከመስኮቱ ራሱን አወጣ፤ ስልኩን አየ። ስሙ ወጥቷል፤ ከወትሮው ፈጥኖ ነው የወጣው።

"ዛሬስ ምነው ዝም አለ?" አለኝ።

"ጨርሷል" አልኩት።

ሸምሱ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ለሸምሱ ይኼ ቀላል አይደለም። በዚያው ሳምንት ሥራውን ሁሉ ገለበጥኩ፤ የሾኔም የአንጋጫም አሁን በደህና ቦታ አለ። ጃኬቱን እማዬ አጥባ ሰጠችኝ። ዚፑን አላሠራሁትም።

ነገሩ እዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን መምህር ዘለቀ ደወሉ። ኢንተርኔቱ ደህና ነው፤ ተማሪዎቹ እየሠሩበት ነው። አንድ ነገር ብቻ።

"ይቺ ማሽን መብራት በመጣ ቁጥር ታጉረመርማለች። ማንም ሳይነካት ብዙ ትሠራለች። ትላንት ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቶ ሳለ በመስኮት ሰማኋት፤ ሰው ያለ መስሎኝ በሩን አንኳኳሁ፤ አታምነኝም። ልጆቹ ደግሞ ኢንጂነር መጣ እያሉ ይቀልዳሉ። የትኛውን ኢንጂነር እንደሚሉ አልገባኝም።"

ወዲያው ገባኝ። ሆመቾ የወሰድኩት ማኅደር ቀኑ ከመስተካከሉ በፊት የተጠቀለለው ነው። እዚያም ሰዓቱ በእኛ ነው የሚቆጥረው። የጋሼ ፋይሎች እዚያ አሁንም ወደፊት ናቸው።

"ዲስኩ ጠቅ ይላል?" አልኳቸው።

"አይልም። ደህና ነው፤ ያጉረመርማል ብቻ። ይጎዳታል እንዴ?"

"አይጎዳትም፤ የእሷ ዲስክ ጤነኛ ነው። ሰኞ መጥቼ አስተካክላታለሁ።"

"አትቸኩል" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔማ ለምጄዋለሁ" አሉ።

ሰኞ ፍላሹን ኪሴ ከትቼ፣ ጃኬቱን በመርፌ ቁልፍ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሥራው የአንዲት ትእዛዝ ነው፤ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ባላስተካክላት ግን የሆመቾዋ ማሽን በተነሳች ቁጥር ትገነባለች፤ ሰዓቷ የጋሼ ፋይሎች ላይ እስኪደርስ። የሚደርሰው ደግሞ እኔ ጋሼ የሞተበት ዕድሜ ላይ ስደርስ ነው። ያን ቀን መብራት ሲመጣ ትነሳለች፤ ታያለች፤ የሚሠራ ነገር የለም ትላለች። እስከዚያ ድረስ ታላቄ ሆመቾ ውስጥ ሥራ ላይ ነው።

ያ ሰኞ ሳልሳፈር አለፈ። ባለፈው ሰኞም ሄድኩ። ቅድም የነገርኳችሁ መብራት የመጣው ያኔ ነው። ሽታው ሲደርሰኝ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ በሩ የዞርኩት እዚያ ነው።

"ሆመቾ! ሆመቾ! አንድ ሰው የቀረው!" አለ ረዳቱ። ከበሩ ሆኖ እኔን እያየ ነው። "ወንድም፣ አንተ ነህ የቀረኸው?"

ሌላ ሻይ አዘዝኩ።